ጥጥ ስላልተጠቀለለበት እንጨት

ለተከበሩ አቶ በዛብህ ጥሩነህ
የአስከሬን ማንነት ማጣሪያ ላቦራቶሪ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከመስኮትዎ ውጭ ቆሜ በየጊዜው የላክኩልዎት ሰላምታ መስታወቱን አልፎ እንዳልደረሰዎት ስለተረዳሁ፣ ዛሬ ደግሞ ጋዜጣው ያደርስልኝ እንደሆነ ብዬ አገር እያየ እጅ እነሣለሁ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? በቀደም ጸሐፊዎ «ኃላፊው ወገባቸውን ስላመማቸው አልገቡም» ስትለኝ ከልቤ ነው ያዘንኩት፤ እኔም ከበርዎ ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስለምውል ወገብ ምን እንደሆነ ይገባኛል። አላህ ጤናዎን ይመልስልዎት፤ ልጆችዎንም ይጠብቅልዎት፤ በተለይ ልጆችዎን።

ሃጂራ ሸምሱ እባላለሁ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት ጨርቅ እሸጣለሁ። የመህዲ እናት ነኝ፤ ማለቴ፣ እርስዎ መሥሪያ ቤት እስከገባሁበት ቀን ድረስ የመህዲ እናት ነበርኩ። መህዲ ሶፋ ሰሪ ነበር። አስኮ የሚሠራበት ቤት፣ ስፖንጅና ጨርቅ እስከ ጣሪያው የተከመረበት ቤት፣ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ በእሳት ተያያዘ። ውስጥ የነበሩት ሦስት ልጆች ናቸው፤ ሮቤራ፣ ኢብራር እና የእኔው መህዲ። ከፍርስራሹም ሦስት አስከሬን ወጣ። መልካቸው አይለይም ነበርና ሦስቱም ወደ እናንተ መጡ። የሮቤራና የኢብራር ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ተረክበው ቀበሩ። ሦስተኛው ሣጥን እስከ ዛሬ እናንተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፍልዎት ስለዚያ ሣጥን ነው፤ ልጄን ስጡኝና ልቅበረው ነው የምልዎት፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም። ሆኖም ምስጋና ሳያስቀድሙ አቤት ማለት ነውር ስለሆነ በምስጋናው ልጀምር።

አንደኛ፣ ስለ መጀመሪያው ቀን አቀባበላችሁ አመሰግናለሁ። ወንበር ተሰጥቶኛል፤ ውሃም ቀርቦልኛል። ጓንት ያጠለቀች ቅን ልጅ «እናቱ ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «አዎ» አልኳት። «እህት ወይም ወንድም አለው?» ስትለኝ ልጄን ሲሃምን ከጎኔ አስነሣኋት። ጫፉ ላይ ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት የሁለታችንንም ጉንጭ ከውስጥ ጠረግ ጠረግ አድርጋ በወረቀት ፖስታ አሸገችው። ምራቅ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ልጅ ግማሹን ከእናቱ ግማሹን ከአባቱ እንደሚወርስ፣ እሳቱ ሥጋውን ቢበላውም ከሦስተኛው አስከሬን መንጋጋ ጥርስ ውስጥ ደህና ናሙና እንደተገኘ አስረዳችኝ። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ቁራጭ ጥለቱ የቱ ጋ እንደሚገጥም በዓይኔ አውቃለሁና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የዚያ ልጅ መንጋጋ ሲበቅል ምን ያህል አዝዬው እንደዞርኩ ግን አልነገርኳትም፤ ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ አላየሁማ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምሥራቹ አመሰግናለሁ። ከሳምንታት በኋላ ተጠርቼ ስመጣ፣ ምክትልዎ ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ወረቀቱን እያዩ «እናቴ፣ ይህ አስከሬን የእርስዎ ልጅ አይደለም፤ የእህቱም ናሙና አልገጠመም» አሉኝ። ሦስት ልጆች ገብተው፣ ሦስት አስከሬን ወጥቶ፣ ሁለቱ ከተለዩ ሦስተኛው ማን ሊሆን ነው ብዬ ብጠይቅ «ሌላ ሰው ገብቶ ይሆናል፤ ሳይንስ አይሳሳትም» አሉኝ። ቀጥለውም ፊታቸው በርቶ «እንኳን ደስ ያለዎት! ልጅዎ በሕይወት ሊኖር ይችላልና ይፈልጉት» አሉ። ክቡር ሆይ፣ የምክትልዎን እጅ ሳምኩ። በሁለት እጄ ይዤ፣ እንባዬ እስኪንጠባጠብበት ሳምኩት። ከዚያ በኋላ ታጥበውት ይሆናል፤ ምክንያቱም እዚያ ቤት ንጽሕና እንደሚወደድ አይቻለሁ።

የሰጣችሁኝ ተስፋ እንዴት አድርጎ እንዳስተናገደኝም ይወቁልኝ። ለሐዘን የዘረጋሁትን ፍራሽ አጠፍኩ። ከመግሪብ በኋላ የግቢውን በር መቀርቀር ተውኩ። የእሱን ድርሻ ምግብ ከድኜ አስቀምጣለሁ፤ በማግስቱ ራሴው እበላዋለሁ፤ ጨው የበዛበት ይመስለኛል። መህዲ ከሥራ ሲመጣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የአጥሩ ቆርቆሮ ኳ ይላል፣ ከዚያ መቀርቀሪያው ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ «እማ!» ይላል። እንግዲህ ነፋስ ቆርቆሮውን ኳ ባደረገው ቁጥር ተነሥቼ እቆማለሁ። ሁለተኛውን ድምፅ እጠብቃለሁ። ሲሃም ታየኛለች፤ እሷም ቆማ ነው የምታየኝ። ቀን ቀን ፎቶውን ይዛ ሆስፒታል ለሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ ለፖሊስ ጣቢያ፣ በመጨረሻም ማረሚያ ቤት ለማረሚያ ቤት ትዞር ነበር። ልጄ ታስሮ በሆነ ብዬ ዱዓ ያደረግኩ እናት ነኝ እኔ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ፌርማታው ላይ፣ ረዳቱ «አስኮ! አስኮ!» እያለ በሚጮህበት ግርግር መሐል፣ የመህዲን ጃኬት ከጀርባው አየሁት። ክርኑ ላይ እኔው ራሴ የጣፍኩበት ጥቁር ቁራጭ አለ። ሱቄን ክፍቱን ትቼ «መህዲ! መህዲ!» እያልኩ ሮጥኩ። ሰውዬው ዞረ። ቆሼ ላይ ፕላስቲክ እየለቀመ የሚኖር ምስኪን ነው፤ ጃኬቱን በለቅሶው ሰሞን እኛው በሰደቃ የሰጠነው ኖሯል። አስተያየቴን አይቶ «እናቴ፣ ላውልቀውና ልመልስልዎት?» አለኝ። የለም፣ ይልበሰው አልኩት። ከዚያ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ የማውቃቸው የታክሲ ልጆች ደግፈው ሱቄ አስገቡኝ። ይህም በእናንተ ምሥራች የተገኘ ነውና ከምስጋናዬ ጋር ይደመርልኝ።

ሦስተኛ፣ ላቦራቶሪዎ ያልጠየቀውን ጥያቄ የጠየቀችልኝን ጎረቤቴን ተናኘን በእርስዎ ፊት ላመስግን። እናንተ በበጀት ነው የምትሠሩት፤ እሷ በነጻ ነው። ሲሃም ከማረሚያ ቤት ደጃፍ እግሯ አብጦ የተመለሰች ዕለት፣ ተናኘ እግሯን በጨው ውሃ እየዘፈዘፈችላት ሳለ ድንገት ቀና ብላ «አንቺ ሃጂራ! እነዚህ ሰዎች የሚያመሳክሩት የወለደችውን አይደለም እንዴ? መህዲን ማን ወለደውና ነው!» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይሥቁብኝ ይሆናል፤ ወላሂ ረስቼው ነበር።

መህዲን የወለደችው ጁወይሪያ ናት። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ ጀላል የጭነት መኪና ተገልብጦበት ሲሞት እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። በወለደች ዕለት ደሟ አልቆም ብሎ እኔና ተናኘ እጅ ላይ ሄደች፤ የመጨረሻ ቃሏ «አደራ» የሚል ነው። እኔ ያን ጊዜ የሲሃም አራስ ነበርኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጡቴ ሙሉ ነበር። አንዱን ለሲሃም፣ አንዱን ለመህዲ ሰጠሁ። በእኛ ሃይማኖት ጠግቦ የጠባ ልጅ፣ ልጅ ነው፤ ሲሃምን ማግባት አይችልም፣ እኔም እሱ ፊት ፀጉሬን አልሸፍንም። ተናኘም ክርስቲያን ሆና የጡት ልጅ ምን እንደሆነ አስረጂ አላስፈለጋትም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቅ ነበር፤ የሚደበቅ ነገር ስላልሆነ የሚወራም አልነበረም። ያቺ ጓንት ያጠለቀች ልጅ «እናቱ ነዎት?» ስትለኝ የዋሸኋት ከመሰለዎት፣ ዛሬም ብትጠይቀኝ መልሴ ያው ነው። «ወልደውታል?» ብትለኝ ኖሮ ግን «የለም፣ አጥብቼዋለሁ» እላት ነበር። ይህን ያህል ውድ መሣሪያ ያለው ቤት ይህችን ታህል ጥያቄ መግዛት አቃተው ብዬ ማመን ይከብደኛል።

እንግዲህ ልጄ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ። መጀመሪያ እሳቱ ገደለው፤ እናንተ ደግሞ አስነሥታችሁ በየደጁ ስታስፈልጉኝ ከረማችሁ፤ ከዚያ ተናኘ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች በአንድ ጥያቄ ሞተ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ጥርሱ ከእኔ ጋር አለመግጠሙ አይገርምም፤ ወተት ጥርስ ውስጥ አይጻፍምና። የግቢውን በር ያን ዕለት መልሼ ቀረቀርኩት። እጄ እንዴት እንደታዘዘኝ እስካሁን አላውቅም።

አራተኛ፣ ማዕረጌን ስላስተካከላችሁልኝ አመሰግናለሁ። ነገሩን ላስረዳ እየሮጥኩ ብመጣ ምክትልዎ «ታዲያ ቀድመው ለምን አልተናገሩም? እናቴ፣ እርስዎ አሳዳጊ ነዎት እንጂ እናት አይደሉም» ብለው ተቆጡኝ። በአንድ ትንፋሽ እናቴ ብሎ ጠርቶ እናት አይደሉም ማለት ትልቅ ችሎታ ነው። ከዚያ የደም ዘመድ አምጡ ተባልኩ። ጀላል አዲስ አበባ ብቻውን የመጣ ሰው ነው፤ አገሩን እንጂ ዘመዶቹን የሚያውቅ የለም። ጁወይሪያ አንዲት እህት ነበረቻት፤ ዓረብ አገር እንደሄደች ወሬዋ ጠፋ። ዘመድማ ቢኖረው ኖሮ የሞተች ዕለት የእኔ ጡት ምን ይሠራለት ነበር? ይህን ስነግራቸው ምክትልዎ ጥቂት አሰቡና በጣም በትሕትና «በፍርድ ቤት ትእዛዝ የወላጅ እናቱን መቃብር ማስከፈት ይቻላል» አሉኝ።

መቃብሩ ድረስ ሄድኩልዎት። ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ከጁወይሪያ ራስጌ ቆምኩ። ምን ልበላት? ልጄን አደራ ያለችኝን ሴት፣ ልጅሽን የሚሰጡኝ አንቺን ካወጣሁሽ ነው ልበላት? ደሟ እጄ ላይ ያለቀ ሴት፣ አሁን ደግሞ አጥንትሽን አምጪ ልበላት? ፋቲሐ ቀርቼላት፣ ሳሩን ነቃቅዬላት ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ጨርቅ ስለካ፣ ሜትሩን ስዘረጋ፣ ከኋላዬ ቆማ እጄን የምታይ ይመስለኛል። አትቆጣም። ዝም ብላ ነው የምታይ። መቆጣቱን ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስተኛ፣ መስኮታችሁ ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ። የደም ዘመድ ያልተገኘለት ሰው የግል ዕቃው ሊመረመርለት እንደሚችል ይናገራል፤ የጥርስ ብሩሽ፣ ማበጠሪያ፣ ምላጭ፣ ያልታጠበ ልብስ ይላል። ያልታጠበ! ክቡር ሆይ፣ ለቅሶ ቤት ደርሰው ያውቃሉ መቼም። የእሳቱ ወሬ በተሰማ ማግስት የሰፈሩ ሴቶች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በተናኘ አዝማችነት ግቢዬን ሞሉት። ሐዘንተኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ እድፍ አይታይ ብለው አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የትራስ ልብሱን፣ ሸሚዞቹን፣ ቆቡን ሳይቀር በፈላ ውሃና በበረኪና አጠቡት። ማበጠሪያውን ፈገፈጉት። ምላጩን ሰው እንዳይቆርጥ ብለው ጣሉት። ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወሉት። እኔም አላህ ይስጣችሁ እያልኩ መረቅኳቸው። ሰፈሩ በሙሉ ተረባርቦ፣ በፍቅር፣ ልጄን ከቤቴ አጠበው።

ማስታወቂያውን ካነበብኩ በኋላ እኔና ሲሃም ቤቱን አንዲት ፀጉር ፍለጋ ገለበጥነው። አልጋውን አነሣን፣ ምንጣፉን ገለጥን፣ የባኞውን ቀዳዳ በሽቦ ጎረጎርን። ሃያ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው አንዲት ፀጉር እንኳ አልተወም። የትራሱን ልብስ አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት፤ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው። እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ነበረ ወይስ እኔ ነኝ የፈጠርኩት ብዬ የተጠራጠርኩበት ሰዓት አለ። ተናኘ ሰምታ ስትመጣ ሁለት እጆቿን ዘርግታ እያየቻቸው አለቀሰች።

ስድስተኛ፣ እና ዋናው፣ ስለ እንጨቱ። በዚያው ሰሞን ነፋስ ነበረ፤ ቆርቆሮው ኳ አለ። እንደ ልማዴ ተነሥቼ ቆምኩ፤ ግን ያን ዕለት ተናደድኩ። ይሄ ድምፅ ምንድነው? ነፋስ ሳይኖርስ መህዲ ሲመጣ ኳ ያደርገው የነበረው ምን ነበር? ብዬ ወጣሁ። አጥሩን በመዳፌ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ከበሩ አጠገብ፣ ሁለቱ ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት ስንጥቅ ውስጥ፣ በእሱ ቁመት ልክ፣ መፋቂያው ተሰክቷል። ሲሰካው ነበር ለካ ኳ የሚለው።

መህዲ የጥርስ ብሩሽ ኖሮት አያውቅም። የወይራ መፋቂያ ነው የሚጠቀም፤ ለእኛ የነቢያችን ሱና ነው፤ ከአስኮ እስከ ቤቱ ድረስ እየፋቀ ይመጣል። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ እየፋቅክ፣ እንትፍ እንትፍ እያልክ አትግባብኝ እያልኩ ስጮህበት ነው ያደገው። ስለዚህ ደጅ ይሰካዋል። ጭቅጭቄ ባይኖር ኖሮ ቤት ውስጥ ያስቀምጠውና ከሌላው ጋር ተጠርጎ ይጣል ነበር። ጫፉ እንደ ብሩሽ ተበትኗል፤ ጥርሱ የነከሰበት ቦታ በዓይን ይታያል። በእጄ አልነካሁትም፤ እንደዚያች ጓንት እንዳጠለቀችው ልጅ በንጹሕ ወረቀት ይዤ፣ በወረቀት ጠቅልዬ አመጣሁላችሁ።

የመስኮቱ ሰውዬ ፈታ አድርጎ አየና «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። መፋቂያ ነው፣ ልጄ የፋቀበት ነው አልኩት። «ዝርዝሩ ላይ የጥርስ ብሩሽ ነው ያለው፤ እንጨት አንቀበልም» አለና ገፋልኝ። ምክትልዎን አስጠራሁ፤ እሳቸውም ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝና እባክዎ ያስተምሩኝ። ከእኔ አፍ ምራቅ የወሰዳችሁት በምንድነው? በእንጨት አልነበረም? ልዩነቱ ጥጡ ከሆነ ጥጥ ከሱቄ አመጣለሁ፤ ጣቃ ሙሉ ጥጥ አለኝ! ከኮልፌ እስከ አስኮ ካለው ሕዝብ ስንቱ በመፋቂያ እንደሚፍቅ የማያውቅ ሰው ነው ያንን ዝርዝር የጻፈው? ወይስ ብሩሽ የሌለው ሰው ሲሞት እንደሞተ እንዳይቆጠር ነው የታሰበው?

ዝናብና ፀሐይ አበላሽቶት ሊሆን ይችላል፤ አውቃለሁ። መርምራችሁ አልሆነም ካላችሁኝ እጄን አጣጥፌ እመለሳለሁ፤ ሞከርን ያለኝን ሰው አልቀየምም። ሳትሞክሩ ግን አትመልሱኝ። ሰው ልጁን ይቀብር ዘንድ ከዚህ የሚያንስ ምን ይለምናል? ከፈኑን ከሱቄ ምርጥ ነጭ ጨርቅ ቆርጬ፣ አጣጥፌ፣ ከመደርደሪያው ሥር አስቀምጫለሁ። ደንበኞች አይተውት «ይሄ በስንት ነው?» ሲሉኝ የተሸጠ ነው እላለሁ። ወንዶቹ እንዲያጥቡት፣ መስጊዱ እንዲሰግድበት፣ ከጁወይሪያ ጎን እንዲተኛ ነው የምፈልገው። አደራዋን እንዳስረክባት። ከዚያ በኋላ እኔንም ብትተወኝ፣ እሱም ቆርቆሮውን ቢተወው፣ እናንተም ደጃችሁ ላይ ከመቀመጤ ብትገላገሉ ብዬ ነው።

ለሳይንሳችሁ ከፍ ያለ አክብሮት፣ ለመስኮትዎ ንጹሕ መስታወት፣ ለወገብዎም ፈጣን ምሕረት እየተመኘሁ፣ ደረጃው ላይ እንዳለሁ አስታውሼ እሰናበታለሁ።

በእናንተ ማቀዝቀዣ ካለው ሣጥን ጋር ምንም ዓይነት የደም ዝምድና እንደሌላት በላቦራቶሪ የተረጋገጠላት፣

ሃጂራ ሸምሱ
የመህዲ እናት
ኮልፌ 18 ማዞሪያ

ማሳሰቢያ፦ የዚህን ደብዳቤ ዋና ቅጂ ሲሃም በእጅ ታደርስልዎታለች። ፖስታውን ያሸግኩት በምላሴ ስለሆነ ክዳኑ ላይ ያለው ምራቅ የእኔ ነው፤ እንደምታዩት ወረቀት ላይ እንጂ እንጨት ላይ ስላልሆነ የመስኮቱ ሰውዬ ሊቀበለው ይችላል። ምናልባት ተሳስታችሁ ብትመረምሩት ውጤቱን ቀድሜ አውቀዋለሁና፣ እናቱ አለመሆኔን ዳግመኛ ለመንገር እባክዎ ስልክ አያስደውሉብኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እስከ ዛሬ እሱ ይመስለኛል።